ከፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና በኋላ ያለው ሕይወት፦ ጥናቱ ከልኬት ወደ እርዳታ እንዲሻገር

መግቢያ

ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ሲጠና ዋናው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ «ሕመምተኛው ስንት ዓመት ኖረ?» የሚል ነበር። በሽታው ከእጢው ሳይወጣ ለተደረሰበት ሰው ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ፕሮቴክት የተባለው የብሪታንያ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2009 ባገኛቸው ሕመምተኞች መካከል 1,643 ወንዶችን በዕጣ ለክትትል፣ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለጨረር ደለደለ። ከ15 ዓመት በኋላ በዚሁ ካንሰር የሞቱት በሦስቱም ምድቦች ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ነበሩ። የሞቱ ልዩነት ይህን ያህል ካነሰ፣ ለምርጫው ትልቁን ሚዛን የሚይዘው ከሕክምናው በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ስለዚህ ኑሮ የሚደረገው ጥናት ከሕክምናው በፊት ሊጀምርና ለተጠያቂው በሚደርስ እርዳታ ሊቋጭ ይገባል።

መነሻን መያዝ

የፕሮቴክት ትልቁ ብርታት ወንዶቹን ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት መጠየቁና ያንኑ መጠይቅ ለዓመታት መደጋገሙ ነው። በመነሻው ለግንኙነት የሚበቃ የብልት መቆም የነበራቸው 67 በመቶ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ በክትትል ላይ ካሉት 52፣ ጨረር ከወሰዱት 22፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ደግሞ 12 በመቶ ብቻ ቀሩ። መነሻው ባይታወቅ ኖሮ የ70 ዓመት አዛውንት ስንፈተ ወሲብ ከዕድሜ ይሁን ከሕክምና የመጣ መለየት ባልተቻለ ነበር።

ጥያቄው ምን ይለካል?

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ኤፒክ የተሰኘ መጠይቅ ባለፉት አራት ሳምንታት በቀን ስንት የሽንት ፓድ ወይም የአዋቂ ዳይፐር እንደተጠቀሙ ይጠይቃል፤ ሽንት መቆጣጠር አለመቻሉ ምን ያህል እንዳስቸገራቸው ደግሞ ለብቻው ያነሣል። ሁለቱን መለየቱ ተገቢ ነው። በቀን አንድ ፓድ የሚጠቀሙ ሁለት ሰዎች በቁጥር እኩል ናቸው። አንደኛው ግን ኑሮውን እንደ ወትሮው ሲቀጥል፣ ሌላው «ልብሴ ረጥቦ እንዴት ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?» ወይም «ውዱዬ ይፈርሳል» ብሎ ከሰው ተለይቶ ሊውል ይችላል። ፓድ በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይቀመስበት አካባቢ ደግሞ ሰው የሚጠቀመው ቁራጭ ጨርቅ ነው። እዚያ የፓድ ቆጠራ የሚነግረን ስለ ገበያው እንጂ ስለ ፊኛው አይደለም።

ማን ቀረ? ምን ተደረገለት?

በብሪታንያ ጥቁር ወንዶች በሕይወት ዘመናቸው በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከአራት አንድ ሲሆን፣ የአጠቃላዩ ወንድ ከስምንት አንድ ነው። የፕሮቴክት ተሳታፊዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ። በዚያው አገር ከ35,000 በላይ ወንዶች መልስ የሰጡበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 81 በመቶዎቹ ደካማ የወሲብ አቅም እንዳላቸው ሲያሳይ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምንም ዓይነት እርዳታ እንዳልቀረበላቸው ገልጿል። ችግሩ ታውቆ መፍትሔው ካልቀረበ ጥናቱ ግዴታውን አልተወጣም።

በኢትዮጵያ ብዙ ሕመምተኞች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ካንሰሩ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ሕክምናቸውም በአብዛኛው የወንዴ ሆርሞንን መግታት ወይም የዘር ፍሬን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ስለዚህ ስለ አጥንት ሕመምና ስብራት፣ ስለ ድካምና ድንገት ስለሚመጣ የሰውነት ሙቀት በቅድሚያ ሊጠየቁ ይገባል። ማንበብ ለማይችል አባት መጠይቁ በቃል ይቅረብለት። ልጁ ወይም አስታማሚው አጠገቡ ካለ ሕመምተኛው ስለ ወሲብ ሊናገር ስለማይደፍር፣ ጠያቂው ለብቻው ያነጋግረው።

ማጠቃለያ

እያንዳንዱ የጥናት ዕቅድ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ከናሙናው ብዛት እኩል ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ተጠያቂው «ተቸግሬያለሁ» ባለ ቀን መልሱ ለማን ይደርሳል? ለሚያክመው ሐኪምና ነርስ የሚደርስበት መንገድ፣ የሽንት መቆጣጠሪያ ጡንቻ ልምምድ፣ የስንፈተ ወሲብ ሕክምናና ለትዳር አጋሩም የሚሆን ምክር በዕቅዱ ውስጥ በጀት ተይዞላቸው ሊካተቱ ይገባል። የግል ሕመሙን አምኖ የነገረን ሰው ከታተመው ሠንጠረዥ በፊት እርዳታውን የማግኘት መብት አለው።