እንግዳና አደራ በጣና ደሴቶች



ከዛሪማ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ አቀበት የወጣ መንገደኛ፣ ደባርቅንና ዳባትን አልፎ ጎንደር ሲደርስ፣ ከአንዱ ታላቅ ወንዝ ምድር ወደ ሌላው ተሻግሯል። የዛሪማ ውሃ ወደ ተከዜ ይወርዳልና፤ በጎንደር አጠገብ የሚያልፈው መገጭ ግን ጣና ይገባል። ይኸው መንገደኛ ጎርጎራ ወርዶ በሐይቁ ላይ ቢጓዝ፣ በደሴቶቹ የሚያገኘው ጥንታዊ የእንግዳ ማረፊያ በከተማ የምናውቀውን ሆቴል አይመስልም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ማረፊያ ነው።

ጣና 1,800 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱም ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ከደሴቶቹም በብዙዎቹ ላይ ገዳማት ተተክለዋል። እህሉም፣ መጽሐፉም፣ እንግዳውም ወደዚያ የሚሻገረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር። ደንገል ውሃ ስለሚመጥ ታንኳው ከጉዞ በኋላ በፀሐይ ይደርቃል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ሲናወጥ፣ ለመመለስ ያሰበው እንግዳ ሳይወድ ያድራል።

ያደረውም እንግዳ ከማኅበሩ መክፈልት ይካፈላል፤ ሌሊት ደወል ሲደወል ከማኅበሩ ጋር ይነሣል። ከእርሱ የሚፈለገው የቦታውን ሥርዓት ማክበር ነው። በደጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም፤ ይህም ሕግ ለተራውም ለባለሥልጣኑም አንድ ነው።

ይሁን እንጂ ደሴቶቹ የሚቀበሉት ሕያው እንግዳን ብቻ አልነበረም። የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲል አፅም ያረፈው በደጋ እስጢፋኖስ ነው። ጎንደርን የቆረቆረው ፋሲል በ1660 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ ማረፊያው በገነባው ከተማ ሳይሆን በደሴት ሆነ። ጦርነት በመጣ ጊዜም የአብያተ ክርስቲያናት ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ለአደራ ወደ ደሴቶቹ ይሻገሩ ነበር።

የዚህ ጥቅሙ በ1880 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ፤ ብዙ መጻሕፍትም ጠፉ። በክብራን ግን የጥንቶቹ የብራና መጻሕፍት ተርፈው፣ በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት ፎቶግራፍ አንሥቶ ዝርዝራቸውን ለዓለም ሊቃውንት አሳተመ።

መጻሕፍቱን ያዳነው ውሃው ብቻ ነው ብንል እንሳሳታለን። ታንኳ ያለው ወንበዴ ውሃውን ይሻገራል። ያዳናቸው፣ አንዱ ዕቃ ጠባቂ ሲያርፍ ለሚቀጥለው ቆጥሮ የሚያስረክብበት ሥርዓት ነው። መዝገብና ንብረት የተረከብን የመንግሥት ሠራተኞችም ከዚህ የምንማረው አለ፤ አደራ በጠንካራ ቁልፍ ብቻ አይጠበቅምና።

ዛሬ ሐይቁ ራሱ ጠባቂ ይሻል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው ተስፋፍቶ የዓሣ አጥማጁን መረብና የታንኳውን መንገድ አውኳል። ደሴቶቹ የአባቶቻችንን አፅምና መጻሕፍት በእንግድነት ተቀብለው እስከ እኛ ዘመን አድርሰዋል፤ አሁን ደግሞ ሐይቁን ለልጆቻችን ማስረከብ የእኛ ተራ ነው።