የመገናኛ መረብ ቅርጽና የማዕከል ጥያቄ

የመገናኛ መረብ ለመዘርጋት የሚነሣ መሐንዲስ ከመሣሪያው ምርጫ አስቀድሞ የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መስመሮቹ በአንድ ማዕከል ይለፉ ወይስ እርስ በርሳቸው ይያያዙ የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ከአዲስ አበባ እንደ ጮራ እንደሚወጡ ሁሉ፣ የቀድሞው የስልክ መረብም በማዞሪያ ጣቢያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር ለቁጥጥር ይመቻል፤ መስመርም ይቆጥባል። ዳሩ ግን ማዕከሉ ሲመታ መረቡ በሙሉ ይቋረጣል።

ይህን ጉድለት በስሌት መርምሮ ያሳየው በአሜሪካ የራንድ ኮርፖሬሽን መሐንዲስ የነበረው ፖል ባራን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1964 በታተመው ጥናቱ መረቦችን ማዕከላዊ፣ ያልተማከለና የተሠራጨ ብሎ በሦስት ከፈላቸው። ያልተማከለው ብዙ ንኡሳን ማዕከሎች ሲኖሩት፣ በተሠራጨው ግን እያንዳንዱ ጣቢያ ከጎረቤቶቹ ጋር ስለሚያያዝ አለቃ የሚባል ጣቢያ የለም። መልእክቱም በትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ጥቅል ክፍት ባገኘው መንገድ ይጓዛል። መረቡ ከባድ ጥቃት እንዲቋቋም ጣቢያዎቹን ለማያያዝ ብቻ ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ የመስመር ቁጥር ሦስት ወይም አራት እጥፍ ያህል እንደሚበቃም ስሌቱ አረጋገጠ።

ታላቁ የስልክ ኩባንያ ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. ሐሳቡን አልተቀበለውም። ይሁን እንጂ በብሪታንያ ዶናልድ ዴቪስ በ1965 በራሱ መንገድ ወደዚያው መፍትሔ ደረሰ። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 የአርፓኔት የመጀመሪያ መልእክት በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተላከ፤ ሁለት ፊደላት እንዳለፉም ኮምፒዩተሩ ቆመ። የአርፓኔት ዓላማ ብዙዎች እንደሚሉት የኑክሌር ጦርነትን መቋቋም ሳይሆን፣ ውድ የነበሩትን ኮምፒዩተሮች በጋራ መጠቀም ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 መረቡ ልዩ ልዩ መረቦችን ወደሚያገናኘው የጋራ ደንብ ተሸጋገረ፤ ለዛሬው ኢንተርኔትም መሠረት ሆነ።

ነገር ግን የመስመር መሠራጨት ብቻውን የአገልግሎት መሠራጨት አይደለም። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ፌስቡክን፣ ዋትስአፕንና ኢንስታግራምን ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ሰወረ። የኢንተርኔት መስመሮች አልተበጠሱም፤ ሦስቱም አገልግሎቶች በአንድ ኩባንያ መረብ ላይ ያረፉ ነበሩ። የጥገና መሣሪያዎቹም በዚያው መረብ ላይ ስለነበሩ መሐንዲሶቹ በአካል ወደ ጣቢያው መሄድ ግድ ሆነባቸው።

ትምህርቱ የባሕር በር ለሌላት ኢትዮጵያ በተለይ ይከብዳል፤ ወደ ባሕር ሥር ኬብሎች የሚወስደው መስመር ሁሉ በጎረቤት አገር ያልፋልና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሮቹ ሁሉ በአንድ ቋጠሮ ከታሠሩ ግን ቋጠሮው ሲፈታ አንበሳውም ያመልጣል። ስለዚህ አዲስ መረብ ሲነደፍ የመስመሩ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ በር ሲዘጋ ስንት በር ክፍት እንደሚቀር አስቀድሞ መቆጠር ይኖርበታል። ይህ ቆጠራ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ነው።