የቤት ድለላ ፈቃድ በእንጅባራ

የቤት ድለላ ፈቃድ ሻጭና ገዥን፣ አከራይና ተከራይን አገናኝቶ ኮሚሽን የሚቀበል ሰው ሥራውን ሕጋዊ ለማድረግ የሚያወጣው የንግድ ፈቃድ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ፈቃድ የሙያ ብቃት ምስክር አይደለም። ኮርስ ተወስዶና ፈተና ታልፎ የሚገኝ ሳይሆን፣ ሱቅ ወይም ወፍጮ ቤት የሚከፍት ሰው በሚያልፍበት የንግድ ምዝገባ የሚወጣ ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በእንጅባራም ከዚህ የተለየ አሠራር የለም።

ደላላ በሕግ ዘንድ ነጋዴ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአንቀጽ 56 ደላላን የተረጎመው ራሱን ችሎ፣ ለጥቅም፣ ሰዎችን ለሽያጭ፣ ለኪራይ፣ ለኢንሹራንስ ወይም ለሌላ ውል የሚያገናኝ ባለሙያ አድርጎ ነው። ያንን ሕግ በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243 በብዙ ክፍሉ ተክቶታል። ደላላው የአንዱ ወገን ወኪል አይደለም፤ ስለ ሻጩ ሆኖ ለመፈረም የተለየ ውክልና ያስፈልገዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም።

የሥራው ወሰን የሚታወቀው ከመሬት ሕጉ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬትንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ደላላው የሚያሻሽጠው ነገር በአንድ ጊዜ ጠበበ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ በእንጅባራ «ቦታ አለኝ» የሚል ሻጭ በሕግ ፊት ሊያስተላልፍ የሚችለው በላዩ የሠራውን ቤት ወይም በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የሚመራውን የሊዝ መብት ነው። ባዶ የእርሻ መሬት ከእነዚህ ውስጥ የለም። በከተማ ዳር ያለን የገበሬ ማሳ ቆራርሶ የሚያሻሽጥ ደላላ የንግድ ፈቃድ ቢኖረውም ባይኖረውም ያገናኘው ውል ሕገ ወጥ ነው፤ ገዥው በዚያ ውል ካርታ ሊያወጣ አይችልም። በእኔ ግምት ፈቃዱ ያላግባብ መተማመኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ፈቃዱ የደላላውን ነጋዴነት እንጂ የሚያሳየውን ቦታ ንጽሕና አይመሰክርም።

አወጣጡ ቀላል ነው። ዕድሜው 18 የሞላ ሰው መታወቂያውን፣ ፎቶግራፉንና የሚሠራበትን ቤት የሚያሳይ የባለቤትነት ማስረጃ ወይም የኪራይ ውል ይዞ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጥቶ፣ በንግድ መዝገብ ገብቶ፣ በድለላ ዘርፍ ፈቃድ ይወስዳል። መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 980/2008ና ማሻሻያው ነው። ፈቃዱ መታደስ፣ ከኮሚሽኑ ገቢም ግብር መከፈል አለበት። ብዙ ደላሎችን ከምዝገባው የሚያርቃቸው ቢሮ የመያዙ ነገር ይመስላል፤ አብዛኛው ድለላ በስልክና በሻይ ቤት ያልቃልና።

እንጅባራ፣ ነባር ስሟ ኮሶበር፣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ትገኛለች። ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚህ ነው። የዞን መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ቤት ፈላጊ ሆኖ ስለሚመጣ ኪራይ የድለላው ትልቅ ክፍል ነው። በአማርኛም በአውኚም የሚግባባ ደላላ ከገጠር መጥቶ ቤት ከሠራ ባለቤት ጋር ሲነጋገር ብልጫ አለው። ኪራይን በተመለከተ የ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1320 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። «የስድስት ወር ካልከፈልክ» የሚል አከራይን ይዞ የሚመጣ ደላላ ይህን ማወቅ ይኖርበታል።

በሽያጭ በኩል የደላላው እውቀት የሚፈተነው ከውሉ በፊት ነው። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ በማዘጋጃ ቤት የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን ያጣራል። ቤቱ የጋራ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም መስማማት አለባቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ስለዚህ በሽማግሌ ፊት ቀብድ ተቀብሎ መለያየት ነገ ክርክር ይጋብዛል። ኮሚሽን በልማድ ከሽያጩ ዋጋ 2 በመቶ ይባላል። ከሻጭ ብቻ ነው ወይስ ከሁለቱም የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ያጣላል፤ አስቀድሞ በጽሑፍ የተስማማ ደላላ ይተርፋል።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የሪል ስቴት አዋጅ ትኩረቱ በአልሚዎችና በንብረት ግመታ ላይ ነው። ለደላሎች የተለየ ሕግ ያወጡ አገሮች ግን አሉ፤ ጎረቤት ኬንያ በ1984 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የቤት ወኪሎችን የሚመዘግብ ቦርድ አቋቁማለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ግዛቶች በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ደግሞ አንድ ሰው ቤት ከማሻሻጡ በፊት የ60 ሰዓት ትምህርት ወስዶ ፈተና ማለፍ ግዴታው ነው። እዚያ የሚገኘው ፈቃድ እንጅባራ ላይ አይሠራም፤ ባለቤቱ አገሩ ገብቶ በዚሁ ሙያ መኖር ከፈለገ እንደማንኛውም ነጋዴ ከንግድ ጽሕፈት ቤቱ ይጀምራል።