ቆብ የደፋች ሙሽራ፦ ከዲማ እስከ ቻይና

የቢቸና አካባቢ ሰው ዲማ ጊዮርጊስን ለማወቅ ልብ ወለድ ማንበብ አያሻውም። ደብሩ ለቢቸና ቅርብ ነው። አቡነ ተከስተ ብርሃን የመሠረቱት፣ ቅኔና ትርጓሜ ፈላጊ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ ከየአገሩ ሲጎርፍበት የኖረ የትምህርት ቦታ ነው። የሌላው አገር ሰው ግን ዲማን የሚያውቀው በአብዛኛው በ1958 ዓ.ም. ከታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ አንዳንዱም መጽሐፉን ሳይገልጥ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምቶ።

ደራሲው ሐዲስ አለማየሁ አገሩን በወሬ አልጻፉትም። በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። ከዚያ አዲስ አበባ ገቡ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከራስ እምሩ ጋር ሲዋጉ ተማርከው ኢጣሊያ ውስጥ ለዓመታት ታሰሩ፤ በኋላም በአምባሳደርነት ብዙ አገር አዩ። ሆኖም ብዕራቸውን ሲያነሡ የተመለሱት ወደ ቆሎ ተማሪው፣ ወደ ደብተራው፣ ወደ ባላባቱ አዳራሽ ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ተብሏል። ሥርዓቱን የሚነቅፈው የጉዱ ካሳ ትችት፣ የአበጀ በለውና የገበሬዎቹ አመፅ፣ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትምክህት፣ ሁሉም በየትምህርት ቤቱ ተተንትኗል። በደንብ ያልተነበበው መጨረሻው ይመስለኛል።

በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት የማንኩሳ ልጅ ነው። ስለቱ መንኩሶ እንዲኖር ነበር። ዲማ ሄዶ ቅኔ ይማራል፤ የፊታውራሪን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር ሲገባ ይዋደዳሉ። ለእሷ የሚመጥን ዘር ጠፍቶ ጠያቂው ሁሉ የተመለሰባት ልጅ ናት። ነገሩ ሲታወቅ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። ሰብለም ጊዜው ሲደርስ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ አባ ዓለም ለምኔ ተብላ፣ ዓባይን ተሻግራ ትፈልገዋለች። የምታገኘው ሊሞት ሲቃረብ ነው። ከቀበረችው በኋላ ለማምለጫ የለበሰችውን ልብስ አታወልቀውም፤ መንኩሳ ትቀራለች። የኋላ ኋላም መቃብራቸው አንድ ይሆናል፤ ጉዱ ካሳም ከእነሱ አይለይም።

ይህን ታሪክ ከሮሚዮና ጁልየት ጋር ማወዳደር የተለመደ ነው። እኔ የሚቀርበው የቻይናው ነው እላለሁ። በቻይና ከትውልድ ትውልድ የሚተረክ የሊያንግ ሻንቦና የዡ ዪንግታይ ታሪክ አለ። ልጅቷ ለመማር ስትል የወንድ ልብስ ለብሳ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ከሊያንግ ጋር ሦስት ዓመት አብራው ስትማር ሴት መሆኗን አያውቅም። ሲያውቅ ቤተሰቧ ለሌላ አጭተዋታል። እሱ በሐዘን ይሞታል። የሠርጓ ዕለት በመቃብሩ በኩል ስታልፍ መሬቱ ይከፈትላታል፣ ዘላ ትገባለች፣ ሁለቱም ቢራቢሮ ሆነው ይወጣሉ። በ1598 እ.ኤ.አ. ታንግ ሺያንዙ የጻፈው «የፒዮኒ ድንኳን» የተሰኘው ተውኔት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፦ ዱ ሊኒያንግ በሕልሟ ያየችውን ወጣት ናፍቃ ትሞታለች፤ የሙታን ዳኛ ይለቃታል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ወዳጇ መቃብሯን ቆፍሮ ሕያው ሆና ያወጣታል።

የዚያ ተውኔት አንባቢዎች ነገሩን እንደ ቀልድ አላዩትም። ቼን ቶንግ የተባለች እጮኛ በመጽሐፉ ሕዳግ ላይ ሐሳቧን ስትጽፍ ቆይታ ሳታገባ ሞተች። የታጨችለት ሰው በኋላ ያገባት ታን ዜ ማስታወሻውን አግኝታ ቀጠለችበት፤ እሷም ሞተች። ሦስተኛዋ ሚስት ቺየን ዪ ጌጧን ሸጣ የሦስቱን ሐተታ በ1694 እ.ኤ.አ. አሳተመችው። አሜሪካዊቷ ሊሳ ሲ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ታሪካዊ ልብ ወለድ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ተራኪዋም የሞተችው እጮኛ መንፈስ ናት። በዚያ አገር ልማድ ሳታገባ የሞተች ልጅ በአባቷ ቤት መሠዊያ ላይ ቦታ አልነበራትም። ስለዚህ አንዳንዱ ቤተሰብ ከሞተች በኋላም ቢሆን ይድራት ነበር። የሞተችን ፍቅረኛ ከመቃብር መጥራት ለቻይና ደራሲ የቀረበ ነገር መሆኑ አይገርምም።

ሐዲስ ይህን ማድረግ አይችሉም ነበር። በእኛ እምነት መቃብር የሚከፈተው በዳግም ምጽአት ነው፤ እስከዚያ ለሞተ የሚደረግለት ፍትሐት፣ ቅዳሴና ተዝካር ነው። ደራሲው ታዲያ ሌላ በር አገኙ። ሰው ሲመነኩስ በሕይወቱ ሳለ ፍትሐት ይደገምለታል፤ ለዓለም የቁም ሙት ይሆናል። የቻይናዋ ልጅ ወዳጇን ለማግኘት ሞታ ትነሣለች፤ ሰብለ ግን በቁሟ ሞታ አጠገቡ ትቀመጣለች። ባሏ የሞተባት የጎጃም ባልቴት ቆብ ደፍታ፣ እማሆይ ተብላ ደብር ለደብር እንደምትኖረው ማለት ነው። ልዩነቱ ሰብለ ይህን ያደረገችው በወጣትነቷ፣ ከትዳር ኑሮ ምንም ሳትቀምስ መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። የምንኩስናው ስለት የበዛብህ ነበር። እሱ አፍርሶት ሞተ፤ የተፈጸመው በእሷ ራስ ላይ ነው። ሐዲስ የቤተ ክህነቱን ሥርዓት በጉዱ ካሳ አፍ ክፉኛ ነቅፈው ሲያበቁ፣ ፍቅረኞቹን የሚያገናኙበት ቦታ ሲያጡ የሄዱት ወደዚያው ሥርዓት ነው። ተሸነፉ የሚል አለ፤ እኔ አይመስለኝም። ፊታውራሪው ዘሩን ቆጥሮ የከለከለውን ጋብቻ ማንም ዘር ቆጥሮ በማይከለክለው ቆብ ውስጥ አስገቡት።

በቢቸናና በሞጣ አማርኛ የምታስተምሩ መምህራን፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለፈተና ብቻ አታስነብቡት። ተማሪዎቹ ቤታቸው ገብተው አያታቸውን፣ እማሆይን፣ ቆቡን የደፉት መቼና ስለ ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከዚያ ተመልሰው ያንብቡት።