የአየር ትራስ ታሪክና የዝዋይ ሐይቅ

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው በመጀመሪያ የቆቃን፣ ቀጥሎም የዝዋይን ሐይቅ ያገኛል። በዝዋይ ደሴቶች የሚኖሩት የዛይ ሰዎች ገበያም ሆነ ሐኪም ሲፈልጉ ውሃውን መሻገር አለባቸው፤ ለብዙ ዘመንም የተሻገሩት በደንገል ታንኳ ነው። ታንኳም ሆነ የሞተር ጀልባ ውሃውን እየገፋ ስለሚሄድ፣ ውሃው በበኩሉ መልሶ ይይዘዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ለማስቀረት የተፈለሰፈው ሆቨርክራፍት እንዴት እንደ ተገኘ ማስረዳትና ለእንዲህ ያለው ሐይቅ መስማማቱን መመርመር ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ቶርኒክሮፍት ከመርከብ ሆድ ሥር አየር ቢገባ የውሃው መያዝ እንደሚቀንስ በ1870ዎቹ ተረድቶ ነበር። ነገር ግን ዋናው ችግር አየሩን ማስገባት ሳይሆን፣ የገባው እንዳያመልጥ ማድረግ ነው። በዚህ ምክንያት ሐሳቡ ለሥራ ሳይውል ቀረ።

መልሱን ያገኘው የራዲዮ መሐንዲስ ሆኖ ሠርቶ ኋላ ወደ ጀልባ ሥራ የገባው ክሪስቶፈር ኮከሬል ነው። በ1955 ትንሽ ቆርቆሮ በትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ አግብቶ፣ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ወጥ ቤት ሚዛን አየር ነፋ። በቀለበት መልክ የወረደው አየር በአንድ ቀዳዳ ከሚነፋው ይልቅ ሚዛኑን አብልጦ ተጫነው። ዙሪያውን የሚወርደው አየር እንደ አጥር ሆኖ በመካከል ያለውን ያግደዋልና።

ኮከሬል ኋላ እንደ ተናገረው፣ የባሕር ኃይሉ «ይህ አውሮፕላን ነው»፣ የአየር ኃይሉ ደግሞ «ይህ መርከብ ነው» በማለት አልተቀበሉትም። በመጨረሻ በሳውንደርስ ሮ ኩባንያ የተሠራው ኤስ.አር.ኤን.1 ጁላይ 25 ቀን 1959፣ በእኛ ሐምሌ 18 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ከካሌ ተነሥቶ ዶቨር ገባ።

ክብደቱ ወደ 4 ቶን፣ የሥሩ ስፋት ወደ 50 ካሬ ሜትር ነበረ። እንግዲህ ክብደቱን በስፋቱ ብናካፍለው በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው 80 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ቆሞ ያለ ሰው በእግሩ ሥር መሬቱን የሚጫነው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሆቨርክራፍት ሰው በሚሰጥምበት ጭቃ ላይ ሳይሰጥም ያልፋል። ሆኖም ከፍታው ከአንድ ስንዝር ብዙም ስለማይበልጥ ማዕበል ያሰናክለው ነበር፤ ኋላ ላቲመር ኒደም ያሰበው የላስቲክ ቀሚስ በዙሪያው ሲታሰርለት ይህ እንቅፋት ቀለለ።

ወደ ዝዋይ ስንመለስ ሌላ ነገር ይገጥመናል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,640 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል። የመርከቡ ክብደት ግን ስላልተለወጠ የሚያስፈልገው ግፊት ያው ነው። የሳሳ አየር በዚያው ግፊት በዚያው ክፍተት ሲያመልጥ ፍጥነቱ በ8 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ማራገቢያውም በዚያው መጠን ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል። በአንጻሩ አየር በመጭመቂያ የማይጨመርለት ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ እንግሊዝ አገር የሚበቃ ሞተር እዚህ አይበቃም።

ዋጋውንም ታሪክ ያስተምረናል። በ1968 በትልልቅ ሆቨርክራፍቶች የተጀመረው የእንግሊዝና የፈረንሳይ የመሻገሪያ አገልግሎት በ2000 ተቋረጠ። መርከቦቹ መንሳፈፍ አቅቷቸው አልነበረም፤ ዕድሜያቸው ገፍቶ ወጪያቸው ከብዶ ሳለ በ1994 የተከፈተው የባሕር ውስጥ ዋሻ መንገደኛውን ስለ ወሰደባቸው ነው። ከሳውዝሲ ወደ ራይድ ያለው አጭር መስመር ግን ከ1965 ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። በዚያ ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠውን አሸዋ ጀልባ ሊያልፈው አይችልም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሆቨርክራፍት የሚያዋጣው ሌላ መሻገሪያ በማይሠራበት ስፍራ መሆኑን ነው። ዝዋይ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ዳርቻውም በብዙ ስፍራ ረግረግ ስለሆነ ለአየር ትራስ የሚመች ይመስላል። ሆኖም ሞተሩ መርከቡን ወደ ፊት ከመንዳቱ ሌላ፣ ውሃ ጀልባን በነጻ የሚሸከመውን ክብደት በነዳጅ ይሸከማል። ይህን ነዳጅ ዓሣውን ሸጦ የሚኖር የደሴት ሰው ይክፈል ማለት ፍርድ አይሆንም። የታመመን ሰው በፍጥነት ለማሻገር አንድ ሆቨርክራፍት ማቆም የሚታሰብ ከሆነ ግን፣ ወጪው የሕዝብ ሊሆን፣ ሞተሩም ለሐይቁ ከፍታ ተሰልቶ ሊመረጥ ይገባል።