የልብ ምት መለዋወጥና የአእምሮ ድካም፤ ከአፍሪካ አዳራሽ ታሪክ ጋር ተያይዞ ሲታይ

ካዛንቺስ የሚለው ስያሜ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶችን ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም የመጣ ነው። ሰፈሩ ገና ከስያሜው ከቢሮ ሠራተኛ ጋር የተቆራኘ ነበር። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን አዲስ አበባ ሲያደርግና በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፣ አካባቢው በጉልበቱ ሳይሆን በአእምሮው ለሚደክም ሠራተኛ ይበልጥ መዋያ ሆነ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ድካሙ በላቡ ይታያል። ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጥ፣ ሲያስብና ሲወስን የዋለ ሰው ድካም ግን በምን ይታወቃል?

ጥያቄው ከአዳራሹ በዕድሜ ይበልጣል። የቱሪኑ የፊዚዮሎጂ ሊቅ አንጀሎ ሞሶ ስለ ድካም የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1891 አሳተመ። ሞሶ ክብደት በጣት እየተሳበ የጡንቻ ጉልበት የሚመዘገብበት መሣሪያ ነበረው። ለረጅም ሰዓት ተማሪዎችን ሲፈትን የዋለ የሥራ ባልደረባው የጣት ጉልበት ቀንሶ ማግኘቱ፣ የአእምሮ ድካም በሰውነት ላይ አሻራ እንደሚተው አመለከተ።

ከጣት ወደ ልብ ያመራው መንገድ በሌላ አቅጣጫ ተጀምሮ ነበር። እንግሊዛዊው ስቴፈን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው ሥራ የልብ ምትና የደም ግፊት ከአተነፋፈስ ጋር እንደሚለዋወጡ ጠቁሟል። ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግም እ.ኤ.አ. በ1847 ይህንኑ በመሣሪያ መዝግቧል። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ይመታል ማለት በየሰከንዱ እኩል ይመታል ማለት አይደለም፤ በአንዱና በተከታዩ ምት መካከል ያለው ጊዜ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። ጤናማ ልብ በእረፍት ላይ ሲሆን በቬገስ ነርቭ አማካይነት ይህን መለዋወጥ ጠብቆ ይኖራል።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በአፍሪካ አዳራሽ ተፈረመ። ቻርተሩ ከተቻለ የአፍሪካን ቋንቋዎች፣ እንዲሁም እንግሊዝኛንና ፈረንሳይኛን የድርጅቱ የሥራ ቋንቋዎች አድርጎ ደነገገ። በእንዲህ ያለ ጉባኤ አስተርጓሚው በአንድ ቋንቋ እየሰማ በዚያው ቅጽበት በሌላ ይናገራል። የሰማውን ይዞ፣ የሚናገረውን እያረመ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠብቃል።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ካልስቤክና ኤቴማ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች ለተከታታይ ምልክቶች ምርጫ እያደረጉ መልስ የሚሰጡ ሰዎችን የልብ ምት መረመሩ። የሥራው ጫና በጨመረ ቁጥር የልብ ምቱ መለዋወጥ እየቀነሰ፣ ምቱም ይበልጥ እኩል እየሆነ ሄደ። ዘዴው እየዳበረ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራት የአለካክና የአተረጓጎም መመሪያ አወጡ፤ የ5 ደቂቃና የ24 ሰዓት ምዝገባዎችም መደበኛ ሆኑ።

ይሁን እንጂ የሆላንዳውያኑ ሙከራ የለካው ጫናን እንጂ ድካምን አልነበረም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሰው ሥራውን ሲታገል የልቡ ምት መለዋወጥ ይቀንሳል፤ ደክሞ ትግሉን ሲተው ግን መለዋወጡ ተመልሶ ሊጨምር ይችላል። የድካም ጥናቶች ውጤት እርስ በርሱ የማይስማማበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚህም በላይ ዕድሜ፣ አተነፋፈስ፣ የሰውነት አቀማመጥ፣ ቡና፣ የእንቅልፍ ማነስና ከፍታ ሁሉ ልኬቱን ይነካሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው በአዲስ አበባ፣ ቡና ጠጥቶ ሥራ የገባን ሰው በሌላ አገር በተቀመጠ መለኪያ ደክሟል ወይም አልደከመም ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ልኬቱ የሚጠቅመው ያንኑ ሰው በተመሳሳይ ሁኔታ ከራሱ ጋር ለማነጻጸር ነው።

የጉባኤ አስተርጓሚዎች የልብ ምታቸው እስኪለካ አልጠበቁም። ረጅም ሰዓት በተከታታይ የሚያስተረጉም ሰው ስሕተቱ እንደሚበዛ፣ ስሕተቱንም ራሱ ላያስተውል እንደሚችል በመረዳት፣ በጥንድ እየሠሩ በ30 ደቂቃ ገደማ መፈራረቅን ልማድ አደረጉ። እረፍቱን የሥራው አካል አደረጉት እንጂ የግለሰብ ድክመት ማካካሻ አላደረጉትም።

ሌሊቱን ሲያዋልድ፣ መድኃኒት ሲያዝና ደም ሲሰጥ ያደረ የጤና ባለሙያም እንዲሁ የራሱን ድካም በትክክል መመዘን ይሳነዋል። ዛሬ በእጅ ሰዓት ላይ ሳይቀር የልብ ምት መለዋወጥ በቁጥር ይነበባል። ቁጥሩ መልካም ስለሆነ ብቻ ተረኛው በሥራው ይቀጥል ማለት ግን አደጋ አለው። ድካምን መለየት የመሣሪያ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ተተኪ ማዘጋጀትና የተረኝነትን ሰዓት መወሰን ግን የአስተዳደር ሥራ ነው። የአፍሪካ አዳራሽ በ2017 ዓ.ም. ታድሶ ዳግም ሥራ ጀምሯል፤ አስተርጓሚዎቹም እንደ ቀድሞው እየተፈራረቁ ይሠራሉ። በሽተኛው አልጋ አጠገብ የቆመ ባለሙያም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም።