ዕርዳታ እየፈለጉ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ማመልከት፤ ለካምባና ለአካባቢው ሙስሊም ቤተሰቦች መመሪያ

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በአንጻሩ ጥሩ ውጤት ካስመዘገቡት መካከል ተማሪዎቻቸውን በፈተና መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ታይተዋል። 8ኛ ክፍል የደረሰ ጎበዝ ልጅ ያላቸው የገጠር ወላጆች «ገንዘብ ለሌለው ሰው አዳሪ ትምህርት ቤት ይሞከራል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ አይገርምም።

ይሞከራል። ነገር ግን ማርክ ብቻውን አይበቃም። ዕርዳታ የሚፈልግ ቤተሰብ ከፈተናው ጎን ለጎን ሁለት ነገሮችን ማሰናዳት ይኖርበታል፤ አንደኛ፣ ችግሩን የሚያስረዳ ወረቀት፤ ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ የማይሸፍነውን ቀሪ ወጪ የሚሞላ ወገን። ይህ ጽሑፍ በጋሞ ዞን በካምባና በአካባቢው ለሚኖሩ ሙስሊም ወላጆች፣ እንዲሁም እነርሱን ለሚያግዙ ኢማሞች፣ ኡስታዞችና መምህራን የተዘጋጀ ነው።

የትምህርት ቤቶቹ ዓይነት

አንደኛው ዓይነት በክልሎች፣ በዞኖችና በልማት ማኅበራት የሚተዳደሩት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በትግራይ ልማት ማኅበር የተቋቋመው የመቀሌው ቃላሚኖ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያሉት ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት የራሳቸውን ክልል ወይም ዞን ልጆች ነው። ጋሞ ዞን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ስለሆነ፣ የካምባ ተማሪ መጠየቅ ያለበት በዚህ ክልል ስላሉት ነው። የመጀመሪያው በር የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። የምልመላ ማስታወቂያ በደብዳቤ እስከ ትምህርት ቤቱ ላይደርስ ስለሚችል በአካል ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ዓይነት ከመላው አገሪቱ ተማሪ የሚወስዱ የግል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በርብቃ ኃይሌና በባለቤታቸው በዣን ማናስ የተመሠረተው፣ በ2013 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ብርሃኑ ኃይሌ-ማናስ አካዳሚ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያስተምራል። ተማሪዎችን የሚመርጠው በችሎታ ሲሆን፣ የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠው ደግሞ የቤተሰቡን አቅም አይቶ ነው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ክፍያው ትልቅ መስሎ ቢታይም፣ ቁጥሩን አይቶ መሸሽ ሳያመለክቱ መውደቅ ነው። ማወቅ ያለብዎት የእርስዎ ቤተሰብ ስንት እንዲከፍል እንደሚጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ከአገር ውጭ ያለው ነው። በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አፍሪካን ሊደርሺፕ አካዳሚ፣ በተለያዩ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስም፣ በቤተሰብ አቅም ላይ የተመሠረተ ድጋፍ አላቸው። እነዚህ ዕድሜያቸው 16 ዓመት አካባቢ ለደረሰ፣ እንግሊዝኛ ለሚችሉ ተማሪዎች ናቸው። አሁን 8ኛ ክፍል ያለ ልጅ ለወደፊቱ ሊያስባቸው ይችላል።

ስምና የልደት ማስረጃ

መምህር በነበርኩበት ጊዜ በሙስሊም ተማሪዎች ማስረጃ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ችግር የስም አጻጻፍ ነው። በሪፖርት ካርድ ላይ «መሐመድ» የተባለው ልጅ በልደት ሰርተፊኬት «ሙሀመድ»፣ በፈተና መግቢያ ካርድ «ሞሀመድ» ይሆናል። «ፋጡማ» እና «ፋጢማ»፣ «ኸዲጃ» እና «ከድጃ» እንዲሁ። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ወረቀት ለሚያመሳክር ሰው ግን ሁለት ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ የባሰ ይሰፋል። ልጁ ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ከመመዝገቡ በፊት የአባትና የአያት ስምን ጨምሮ አንድ አጻጻፍ ምረጡና በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በልደት ሰርተፊኬትና በፋይዳ መታወቂያ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ከፈተናው በኋላ ማስተካከል ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች ሲወለዱ ስላልተመዘገቡ ዘግይቶ ምዝገባ ያስፈልጋቸዋል። የልደት ሰርተፊኬት ከቀበሌ ለማውጣት የማመልከቻው ወር እስኪደርስ አትጠብቁ።

ችግርን በወረቀት ማስረዳት

ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጽፋል። ገበሬና ሸማኔ ግን ምን ያቀርባሉ? ገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተሩን ኮፒ፣ የከብቱን ብዛትና በዓመት ለገበያ የሚያወጣውን ምርት ግምት የያዘ የቀበሌ ደብዳቤ ያቅርብ። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄዶ የሚሸምን አባት ደግሞ በወር በአማካይ ስንት እንደሚልክ፣ ሥራ የሚቀዘቅዝባቸው ወራት የትኞቹ እንደሆኑ ይግለጽ። ገንዘቡን በባንክ የሚልክ ከሆነ የሂሳብ መግለጫው ጥሩ ማስረጃ ነው። «አቅመ ደካማ ናቸው» ብቻ ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «ሰባት ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ ሦስቱ ተማሪዎች ናቸው፤ ያላቸው መሬት ይህን ያህል ነው» የሚል ደብዳቤ ለወሳኙ ሰው የሚታይ ነገር ይሰጠዋል።

የቲም ከሆነ የአባት ሞት ማስረጃና የሞግዚትነት ውሳኔ ይጠየቃል። ተከራካሪዎች ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሞግዚትነት ጉዳይን የማየት ሥልጣን አላቸው። አጎት ወይም አያት የሚያሳድጉት ልጅ ከሆነ፣ በማመልከቻው ላይ «ወላጅ» ተብሎ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ይወሰን።

በዕርዳታ ቅጹ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንዱ ያለውን መደበቅ ነው፤ ይህ ውሸት ነው፤ ሐራም ከመሆኑም በላይ ሲደረስበት ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣው ይችላል። ሌላው በኛ ቤት የበዛው ነው፤ አፍሮ የሌለውን እንዳለው መጻፍ። «እንደ ምንም እንከፍላለን» ብሎ የፈረመ አባት ጥር ሲደርስ ልጁን ያስወጣል። ዕርዳታ መጠየቅ የማመልከቻው አንድ ክፍል ነው እንጂ ልመና አይደለም። በወሎ በጃማ ንጉሥ፣ በጌታ፣ በዳና ለዒልም ቤቱን ጥሎ የወጣ ደረሳ የኖረው ሕዝበ ሙስሊሙ በሚያቀርበው ምግብ ነው። ታላላቅ ሸይኾቻችን የወጡት ከዚያ ነው።

ያልተጻፈው ወጪ

«ሙሉ በሙሉ ነፃ» የተባለ ትምህርት ቤት እንኳ ብዙውን ጊዜ የማይሸፍናቸው ነገሮች አሉ፤ ለመግቢያ ፈተና የሚደረግ ጉዞ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ሻንጣ፣ ሳሙና፣ የኪስ ገንዘብ፣ ለዕረፍት መመለሻ ትራንስፖርት። ከካምባ ተነስቶ ደብረ ብርሃን የሚማር ልጅ አርባ ምንጭ ወርዶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። መንገድ ላይ ማደሩም ወጪ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትርን ያለፈ ብርዳም ከተማ ስለሆነ ወፍራም ልብስ የግድ ነው። እነዚህን ሁሉ በወረቀት ዘርዝራችሁ የዓመቱን ድምር አውጡ። ትምህርት ቤቱን «ከዚህ ውስጥ የትኛውን ትሸፍናላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቀሪውን ማን ይሙላ?

እዚህ ላይ ጀማዓው ይመጣል። ዘካ የሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ተዘርዝረዋል፤ ፉቀራእና መሳኪን የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የልጁ ቤተሰብ ድሃ ከሆነ በድህነቱ ብቻ ዘካ ይገባዋል፤ ገንዘቡን ለልጁ ፍራሽና መሳፈሪያ ቢያውለው ምንም የለበትም። አባት ግን የመቀለብ ግዴታ ላለበት ለራሱ ልጅ ዘካውን አይሰጥም። ኒሷብ ያልሞላ ሰው ደግሞ የሰደቃ በር ክፍት ነው።

በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚውለው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ደግሞ ወደ ዓመቱ ማብቂያ ነው። ስለዚህ የመስጂዱ ኮሚቴ ከረመዳን በፊት «ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ያሉ፣ በደረጃ የሚወጡ፣ አቅም የሌላቸው ልጆች እነማን ናቸው?» ብሎ ስም ቢይዝ ዘካው ሲሰበሰብ ቤተሰቡ ታውቆ ይጠብቃል። የካምባ ጀማዓ ጥቂት ስለሆነ ብቻውን ላይችል ይችላል፤ ዝርዝሩን ይዞ ወደ አርባ ምንጭ መስጂዶችና ወደ ዞኑ መጅሊስ መሄድ ያስፈልጋል። ዝርዝርና ድምር ይዞ የመጣን ሰው ለመርዳት ይቀላል።

ስለ ዲኑ ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ

ልጁ አራት ዓመት የሚኖርበት ቤት ነውና እነዚህን በጨዋ አነጋገር ጠይቁ፦

- ሥጋ ሲቀርብ ለሙስሊም ተማሪዎች የሙስሊም እርድ አለ? ከሌለ በምትኩ ምን ይቀርባል?
- በረመዳን ሱሑርና ኢፍጣር በሰዓቱ ይገኛል?
- ሶላት የሚሰገደው የት ነው? ለጁሙዓ በአቅራቢያው ወዳለ መስጂድ መውጣት ይፈቀዳል?
- የሴት ልጆች ማደሪያ ጥበቃ እንዴት ነው? ሒጃብ ላይ ያለው ደንብ ምንድን ነው?
- ለዒድ ወደ ቤት መሄድ ይቻላል?

ሁሉም መልስ እንደምንፈልገው ላይሆን ይችላል። መልሱን አውቆ መወሰን ግን ልጁ ከገባ በኋላ ከመጋጨት ይሻላል። ከተማው ውስጥ ልጁን የሚጠይቅ አንድ የታመነ ሙስሊም ቤተሰብ መፈለግም ከዚሁ ጋር ይታሰብ።

የዓመቱ ቅደም ተከተል

ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ ስም ማስተካከል፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የ7ኛ ክፍል ውጤት ኮፒ።
ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ የትምህርት ቤቶችን ማስታወቂያ መከታተል፣ የቀበሌ የገቢ ደብዳቤ፣ የወጪ ድምር፣ ለመስጂዱ ኮሚቴ ማሳወቅ።
ከመጋቢት እስከ ሰኔ፦ ማመልከቻ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ልምምድ፣ የመግቢያ ፈተናና ቃለ መጠይቅ፣ ክልላዊ ፈተና።
ሐምሌና ነሐሴ፦ ውጤት፣ የድጋፍ ውሳኔውን በጽሑፍ መቀበል፣ የጉዞ ዝግጅት።

የየትምህርት ቤቱ ቀን ስለሚለያይ ይህን እንደ መነሻ ውሰዱት። ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት ላይ አመልክቱ፤ የሁሉንም ወረቀት ሁለት ሁለት ኮፒ ያዙ። ያላለፈ ልጅም አልወደቀም፤ የተዘጋጀበት ሒሳብና እንግሊዝኛ እዚያው ካምባ 9ኛ ክፍል ይጠቅመዋል፣ ወረቀቱም ለሚቀጥለው ዕድል ዝግጁ ነው።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዒልም ይስጣቸው።